ወፍጮ ቤቱስ ቅርስ አይደለም?

ወላይታ ውስጥ «ቅርስ» ሲባል የአማዶ ኬላ ካብ ይጠራል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ከገሱባ ሆኜ ስለ ወፍጮ እጠይቃለሁ። በቆሎ በልቶ የሚያድር ሕዝብ ወፍጮውን እንዴት ይረሳል?

ምሳሌ ላምጣ፦ በትግራይ ደጉዓ ተምቤን፣ ወንዝ ዳር የተሠሩ የውሃ ወፍጮዎች ነበሩ። በቦይ የተጠለፈው ውሃ ከወለሉ በታች ያለውን አግድም መዘውር ይመታል፤ ዘንጉ ከላይ ያለውን ድንጋይ ቀጥታ ያዞራል። ስንት እናት ከድንጋይ ወፍጮ ላይ ቀና ያለችበት ሥራ ነው! የናፍጣ ወፍጮ ሲመጣ ብዙዎቹ ተተዉ።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ይለዋል፤ ቤተ መንግሥት ብቻ አላለም። ሆላንዶች 19 የኪንደርዳይክ የነፋስ ወፍጮዎችን (ውሃ መሳቢያ ናቸው እንጂ እህል አይፈጩም) በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ አስመዝግበዋል።

የባህል ቢሮዎቻችን ቢያንስ የተረፉትን ቦዮችና ድንጋዮች ይለኩ፣ ፎቶ ያንሱ። ያስፈጩበትን ሽማግሌዎችም ዛሬውኑ ይጠይቁ።