ደመወዝ ሲቋረጥ የሚፈርስ መንግሥት



ሰሞኑን በምግብ አዳራሽ በተነሣው ክርክር አንድ ጓደኛችን «ደካማ መንግሥት የሚጠነክረው ዕርዳታ ሲበዛለት ነው» ብሎ ሲናገር ብዙ ጭብጨባ ተቀበለ። እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቴን እነሆ።

አፍጋኒስታንን እንመልከት። አሜሪካ ብቻዋን በ20 ዓመት ውስጥ ለመልሶ ግንባታ 145 ቢሊዮን ዶላር ያህል መድባለች። ከመንግሥቱ ወጪ ከመቶ 75 ያህሉ የሚሸፈነው በውጭ ገንዘብ ነበር። ሚኒስቴር ነበረ፤ ፓርላማ ነበረ፤ ማኅተምም ነበረ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2021 ታሊባን ካቡል ሲገባ ሁሉም ተናደ። ፌዝ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ቀን አገሩን ጥሎ የበረረው ፕሬዚዳንት አሽረፍ ጋኒ፣ በ2008 የወደቁ መንግሥታት እንዴት እንደሚጠገኑ የሚያስተምር መጽሐፍ ከሌላ ደራሲ ጋር የጻፈ ሰው ነው!

እውን ገንዘብ አንሶ ነውን? አይደለም። ለጋሹ ሚኒስቴሩን ስላላመነ ከጎኑ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ደመወዙንም ብዙ እጥፍ አደረገው። መምህሩ ጠመኔውን ጥሎ አስተርጓሚ ሆነ፤ ሐኪሙ ሳይቀር ለባዕድ ድርጅት ሾፌርነት ገባ። ሚኒስቴሩ ባዶ ሲቀር ለጋሹ «ድሮስ ደካማ ነው አላልኩም?» ብሎ ሁለተኛ ቢሮ ጨመረ። በጦሩ የደመወዝ መዝገብ ላይ ደግሞ በሕይወት የሌሉ ወታደሮች ስም ሰፍሮ አዛዦች ደመወዛቸውን ይበሉ ነበር። በጀቱ ከገበሬውና ከነጋዴው ካልመጣ፣ ሹሙ ሒሳቡን የሚያስረዳው ለማን ነው? ለሕዝቡ ነውን?

ዕርዳታ ጨርሶ ይቅር የሚል ሞኝ አይደለሁም። በ2002 በዓለም ባንክ አስተዳዳሪነት የተቋቋመው የአፍጋኒስታን የዕርዳታ ፈንድ የመምህራንን ደመወዝ በራሱ በመንግሥቱ ግምጃ ቤት በኩል ይከፍል ነበር። ግምጃ ቤቱ መቁጠርና መመዝገብ የተማረው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። የሚያሳዝነው አብዛኛው ገንዘብ በሌላ በር መግባቱ ነው።

ጎረቤታችን ሶማሌላንድ በ1993 በቦራማ ሽማግሌዎችን ለወራት ሰብስባ ስትመክር፣ ወጪውን በአመዛኙ የሸፈነው የራሷ ሕዝብ ነው። እውቅና ስላልነበራት የዕርዳታ ጎርፍ አላገኛትም፤ መንግሥቷ ከነጋዴው ጋር ተደራድሮ በበርበራ ወደብ ቀረጥ መኖር ግድ ሆነበት። እንከን የላትም አልልም፤ በ2023 በላስ አኖድ የፈሰሰው ደም ምስክር ነው። ነገር ግን ለጋሽ ፊቱን ያዞረባት ቀን የምትፈርስ አገር አልሆነችም።

አሁን ወደ ራሳችን። ከዚህ ግቢ የሚወጣው ምሩቅ የሚያልመው የወረዳውን ጠረጴዛ ነው ወይስ የፕሮጀክት ላንድክሩዘሩን? እኔም ብሆን ላንድክሩዘሩን አልጠላም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ያጨበጨባችሁ ጓደኞቼ ግን ይህን መልሱልኝ፦ ለጋሹ ነገ ቢመጣ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ስንት ነርስ ይዞ ይሄዳል? በቦታቸውስ በዚያ ደመወዝ ማን ይገባል? መልስ ያለው በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ ገጽ እንለቅለታለን።