ጀፎረን የሚበላው ማነው?

ባሕር የሌለው የወልቂጤ ሰው ስለ መርከብ መብራት ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ላ ኮሩኛ በምትባል ከተማ፣ ሮማውያን ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ያቆሙት «የሄርኩለስ ግንብ» አለ። በመካከለኛው ዘመን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ውጪው አዲስ ድንጋይ ለብሶ ታደሰ፤ የሮማውያኑ ግድግዳ ከውስጥ እንዳለ ነው። ዛሬም ሌሊት እየበራ መርከብ ይመራል። ዩኔስኮ የመዘገበው ገና በ2001 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ! ግንቡን ከመፍረስ ያዳነው መርከበኛ ስለፈለገው እንጂ መዝገብ ስለያዘው አልነበረም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ቅርስ ሲባል የእኛ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ጢያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ያሉት 36 ትክል ድንጋዮች በ1972 ዓ.ም. ተመዝግበዋል፤ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ክብሩ ይገባቸዋል። ጢያ ግን የመቃብር ምልክት ነው። ዛሬም ሕያዋንን የሚመራው ጀፎረ ነው።

ጀፎረን ላላየ፦ በሰባት ቤት ጉራጌ መንደር መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይቆማሉ፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው። ሙሽራ ይመጣበታል፤ አስከሬን ይሸኝበታል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ልጅ ይቦርቅበታል። የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው። አስከብሮ ያቆየውም የአባቶች ሕግ፣ ቂጫ ነው።

«መሬት በጠበበበት ዘመን ይህን ሁሉ ለሣር ማን ይተዋል?» የሚሉ አሉ። መሬት መጥበቡ እውነት ነው፤ መሬት ያጣውን ወጣት ጥያቄ አልንቅም። እኔ እስካየሁት ግን ጀፎረ ላይ አጥር የሚገፋው ያ ወጣት አይደለም፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ በመኪና የሚገባው ባለጸጋ ነው። ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምናገረው። የገዛ ዘመዴ የቆርቆሮ አጥሩን ጥቂት እርምጃ ወደ ሣሩ ማስገባቱን አይቻለሁ። ክትፎውን በልቼ፣ መርቄው ተመለስኩ። ትንፍሽ አላልኩም። ታዲያ ጀፎረን የበላው እርሱ ነው እኔ?

ሌላው ወገን ደግሞ ጀፎረን ፎቶግራፍ አንስቶ ካሌንደር ላይ ይለጥፈዋል፤ «ባህላችን» ብሎም ይፎክራል። ካሌንደር ላይ ሙሽራ አይታጀብም፤ ሬሳም አይሸኝም። ጎረቤት አጥር ሲገፋ አፉን የዘጋ ሰው በመድረክ ላይ ስለ ባህል ባይናገር ይሻላል።

የባሕሩ መብራት ቢጠፋ መርከበኛው በዚያችው ሌሊት ይጮኻል። ጀፎረ ግን እርምጃ በእርምጃ ስለሚያልቅ የሚጮኽለት የለም። ቂጫ የሚሠራው ተናጋሪ ሲኖር ነው። ለሚመጣው መስቀል አገር ቤት ስገባ፣ ክትፎው ከመቅረቡ በፊት ስለ አጥሩ እጠይቃለሁ። ዘመዴ ሊቀየመኝ ይችላል። ይቀየመኝ።