የጥብቅናን ሥራ ለሚያስቡ ተማሪዎች ስለሚያሻቸው ዝግጅት

በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ከሚማሩት ወጣቶች መካከል፤ ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ ተብሎ ሲጠየቅ፤ ጠበቃ እሆናለሁ የሚል አይታጣም። ዐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ለዚህ ሥራ ከወዲሁ ምን ትሠራለህ ቢባል ግን፤ የአብዛኛው መልስ ለመግቢያው ፈተና አጠናለሁ የሚል ነው፤ ወላጆቹም ከዚህ የተለየ ነገር አይነግሩትም። ፈተናውን ማለፍ ግድ መሆኑ አይካድም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በተፈተኑ ጊዜ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ የሚታወስ ነው። ነገር ግን ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ለጥብቅና ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም።

የጥብቅና ሥራ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመልከት ይገባል። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት፤ የባሏ ወንድሞች ከቤቷ ሊያስወጧት ተነሥተውባት ወደ ጠበቃ ብትሄድ፤ ነገሯን የምትጀምረው ከሠርጓ ቀን ነው። የአማቷን ክፋት፤ ባሏ በታመመ ጊዜ የሸጠችውን ላም፤ በተዝካሩ ቀን የተሰደበችውን ስድብ ሁሉ ትናገራለች። ጠበቃው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ፤ ጋብቻው መቼና እንዴት እንደ ተፈጸመ፤ ቤቱ ከጋብቻው በፊት የነበረ ወይስ በጋብቻው ጊዜ የተሠራ እንደ ሆነ፤ ምስክርና የጽሑፍ ማስረጃ መኖር አለመኖሩን ለይቶ ማውጣት አለበት። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222 የክስ ማመልከቻ ሊይዘው የሚገባውን ዘርዝሯል፤ በቁጥር 231 ደግሞ የክስ ምክንያት የማይታይበት ማመልከቻ ተቀባይነት እንዳይኖረው አዝዟል። ስለዚህ የሴትዮዋ እውነት ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፤ ማመልከቻው ተድበስብሶ የተጻፈ እንደ ሆነ ነገሯ ሳይመረመር ሊመለስ ይችላል። ቤቷ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በአንድ ገጽ ጽሕፈት ነው።

እንግዲህ ተማሪ ቤቱ ይህን አንድ ገጽ መጻፍ ያስተምራል ወይ? ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና የሚመለሰው ከቀረቡት መልሶች አንዱን በመምረጥ ነው። ተማሪው አንድ አንቀጽ እንኳ በራሱ ቃል ሳይጽፍ ፈተናውን ይጨርሳል። አማርኛም ከሚፈተንባቸው ትምህርቶች መካከል የለም። መምህሩ የሚፈተነውን ማስተማር፤ ተማሪውም የሚፈተነውን ማጥናት ግድ ስለሚሆንባቸው፤ ድርሰት መጻፍና ቆሞ መናገር ጊዜ ሲተርፍ ብቻ የሚደረግ ነገር ይሆናል። ጊዜ ደግሞ አይተርፍም።

በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሕግ ተማሪ ቤቱም እንደዚሁ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት በ5ኛው አንቀጽ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሰሙትም የሚፈርዱትም በአማርኛ ነው። ክልሎችም በየሥራ ቋንቋቸው፤ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፤ ትግራይ በትግርኛ፤ የሶማሌ ክልል በሶማልኛ ይዳኛሉ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢታተምም፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጸናው የአማርኛው ቃል ነው። ስለ ይርጋ በባዕድ ቋንቋ ብዙ ገጽ ያነበበ ወጣት፤ ይርጋ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው በችሎት ላይ ከባላጋራው አፍ ቢሆን፤ ዕውቀት ሳያንሰው አፉ ይያዛል። ይህ ማለት እንግሊዝኛ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር የሚደረገውን ውል መመርመር የሚሻ ጠበቃ ያለ እርሱ አይሆንለትም። ይሁን እንጂ ፍርድ የሚሰጥበትን ቋንቋ ከትምህርት በኋላ በራስህ ተማር ብሎ ለተማሪው መተው ትልቅ ጉድለት ነው።

ቀድሞ ልጅ ነገርን የሚማረው በአደባባይ ነበር። ከዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ዳኛ ፊት ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ እየተባባሉ በተጠየቅ ሲሟገቱ ልጆች በዙሪያው ቆመው ይሰሙ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤትም የቅኔ ተማሪ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። የትርጓሜ ተማሪ ደግሞ አንዱን ንባብ አንድም እያለ በልዩ ልዩ መንገድ ይፈታል፤ እያንዳንዱንም ፍች ከምን እንዳገኘው ማስረዳት አለበት። የአንድን ዐዋጅ ቃል ትርጓሜ በዳኛ ፊት የሚከራከር ጠበቃ የሚሠራው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፤ 51ዱ አንቀጾቹ ከመንፈሳዊው እስከ ሥጋዊው ሲነበቡና ሲተረጐሙ የኖሩት በነዚሁ ጉባኤ ቤቶች ነው። ይህን ማንሣት የዛሬው ሕግ ወደ ቀድሞው ይመለስ ለማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻ 3,367 ቁጥሮች ያሉት ሲሆን፤ ስለ ማኅበር፤ ስለ ዋስትና፤ ስለ ልዩ ልዩ ውሎች የሚናገረው ሁሉ የራሱን ትምህርት ይሻል። ከጉባኤ ቤት ሊወሰድ የሚገባው ልማዱ ነው፤ ይኸውም ተማሪው የተናገረውን ነገር በሰው ፊት እንዲጠየቅበት ማድረግ ነው።

ሒሳብን ለመሸሽ ብሎ ሕግን የሚመርጥ ተማሪ ቢኖር ተሳስቷል። ሦስት ልጆች የወለደ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት፤ ከሦስቱም አንዱ ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቶ ቢገኝ፤ በሕይወት ያሉት ሁለቱ ሲሦ ሲሦ፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን ሲሦ ተካፍለው ከስድስት አንድ አንድ እጅ ይደርሳቸዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ የሐኪሙ ወረቀት በአውሮፓ ቀን የተጻፈ እንደ ሆነ፤ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በትክክል የማይመልስ ጠበቃ ጊዜውን በጥቂት ቀን ስቶ የባለጉዳዩን መብት ሊያስቀርበት ይችላል።

ስለ ጠባይም አንድ ነገር ማንሣት ያሻል። ፈተናው ከየተማሪ ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው የፈተና መሰረቅና መኰራረጅ ስለ በዛ ነው። ከነዚያ ከሚኰርጁት መካከል ጠበቃ ለመሆን የሚያስብ ቢኖር፤ የሰውን ምስጢርና ገንዘብ በዐደራ የሚቀበልበትን ሥራ የጀመረው በማታለል ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1249 ፈቃድ ለሚሻ ሰው ፈተና ቢያቆምም፤ በ15 ዓመቱ የተለመደ ማታለል በፈቃድ ፈተና የሚታወቅ አይደለም።

የትምህርት ሹማምንት ይህን ለማቃናት አዲስ ቤት መሥራት ወይም ብዙ ገንዘብ ማውጣት አይገደዱም። በሳምንት አንድ ሰዓት ተማሪዎች በሁለት ወገን ተከፍለው በአማርኛ ወይም በክልላቸው ቋንቋ እንዲከራከሩ፤ የተከራከሩበትንም በአንድ ገጽ ጽፈው እንዲያቀርቡ፤ መምህሩም በቀይ ቀለም እያረመ እንዲመልስላቸው ማዘዝ ይቻላል። የአድባራት መምህራንም ቢጋበዙ በዚህ ሥራ የሚያውቁት ብዙ ነው። ችሎት ደግሞ ሕጉ ካልከለከለ በቀር ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፤ ተማሪዎች በጸጥታ ተቀምጠው ክርክር እንዲሰሙ ከፍርድ ቤቶች ፕሬዚዳንቶች ጋር መነጋገር አያስቸግርም። ስለ ጊዜው ብቻ መጠንቀቅ ያሻል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ በከፊል ስለሚዘጉ፤ ተማሪዎቹን በክረምቱ ዕረፍት ወደ ችሎት ሊወስድ የሚያስብ ዲሬክተር ያለው ወር ሐምሌ ብቻ ነውና ደብዳቤውን በሰኔ መጻፍ ይኖርበታል።