ስለ ሞተር ሳይክል መድንና ስለ ዓረቦኑ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የሚከተለው አሳብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምናገለግል ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፥ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጠው በትሕትና እጠይቃለሁ።

በዚህ በሐዋሳ ከተማ ጧት በሁለት ሰዓት በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተደርድሮ የሚታየው ሞተር ሳይክል ጥቂት አይደለም። መምህሩ፥ ነርሷ፥ የግብርናው ባለሙያና የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ሰብሳቢ ከደመወዛቸው ቆጥበው ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበራቸው ተበድረው የሚገዙት ንብረት እርሱ ነው። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር ስለ ተከለከለ፥ ነገሩ የዋና ከተማውን ሠራተኛ ብዙ አያሳስበው ይሆናል። እኛን በየክፍለ ሀገሩ ያለነውን ግን በየዓመቱ የመድን ውል በሚታደስበት ወር ያነጋግረናል።

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የመድን ውል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የሥራ ባልደረቦቼ አደጋ ከደረሰባቸው በኋላ ወረቀቱን ይዘው «እስቲ ምን እንደሚል አንብብልን» እያሉ ይመጡብኛል። ከመፈረማቸው በፊት ያመጡልኝ ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት አስከፈሉህ?» ብሎ እንጂ «ምን ይከፍሉልሃል?» ብሎ አይደለም። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህን ማንም አይፈርድበትም፤ ነገር ግን ዓረቦን የሚቀነስበት ቦታ አለ፥ ሊቀነስ የማይገባውም ቦታ አለ።

መጀመሪያ ሕጉ የሚያስገድደውን እንመልከት። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለሞተሩንም እንደ ባለመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ይህ መድን የሚከፍለው እኛ ለጎዳነው ሰውና ላበላሸነው የሰው ንብረት ነው። ነጂው ራሱ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፥ ሞተሩም ቢሰባበር ወይም ቢሰረቅ፥ በዚህ ውል አንዲት ሳንቲም አያገኝም። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚሉ ብዙ ሰዎች ያላቸው ይህ ብቻ መሆኑን የሚረዱት በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

ይኸውም ቢሆን ጣሪያ አለው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ40,000 ብር፥ ለንብረት ጉዳት ደግሞ ከ100,000 ብር የማይበልጥ ካሣ ወስኖ ነበር። እንዲህ ያለው ልክ ግን በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ፥ ውል የሚያድስ ሰው የዛሬውን ጣሪያ ከመድን ድርጅቱ ይጠይቅ። ቁም ነገሩ ጣሪያው የመድን ድርጅቱን እንጂ ባለሞተሩን የማይከልል መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፥ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፥ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሌላ ሰው ነው ማለትም አያድንም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ የፈረደ እንደ ሆነ፥ የቀረውን የሚከፍለው ባለቤቱ ከኪሱ ነው።

አንድ የማውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሞተሩን ለታናሽ ወንድሙ ያውሰዋል። ልጁ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት ገጭቶ ወገባቸውን ጎዳቸው። የመድን ድርጅቱ ለሴትዮዋ የሚገባቸውን ከፈለ፤ ከዚያም «መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው መስጠትህ ውሉን ማፍረስ ነው» ብሎ ገንዘቡን ከባለቤቱ መልሶ ጠየቀ። ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ በየወሩ ከደመወዙ ይቈረጥበታል። ወንድም ሞተር ሲለምን እንቢ ማለት በእኛ ባህል ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የዓመት ዓረቦን ከመክፈል ይልቅ ይህ እንቢታ ይረክሳል።

እንግዲህ ሙሉ ዋስትና መግባት ይገባልን? እንደ ሞተሩ ዋጋ ነው። ያረጀና ርካሽ ለሆነው ሞተር በየዓመቱ ለሙሉ ዋስትና መክፈል ለእኔ የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ያንኑ ገንዘብ ለጥገና ማስቀመጥ ይሻላል። በብድር ለተገዛ አዲስ ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ቢሰረቅ ብድሩ አይሰረቅምና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሞተሩም የመለዋወጫውም ዋጋ እጅግ ወጥቷል። ብዙዎች ግን ዓረቦኑ እንዳይጨምርባቸው ሲሉ ውሉን በድሮው ዋጋ እያሳደሱ ይኖራሉ። ሞተሩን በ80,000 ብር ዋጋ አስመዝግቦ መድን የገባ ሰው ነበረ እንበል፤ ዛሬ ያው ሞተር 160,000 ብር ያወጣል። በአደጋ ተጎድቶ ማሠሪያው 40,000 ብር ቢሆን፥ ባለሞተሩ «ከ80,000 በታች ነውና ሁሉን ይከፍሉልኛል» ብሎ ያስባል። በመድን ሥርዓት ግን ግማሹን ንብረት ብቻ ዋስትና እንዳስገባ፥ ለቀረው ግማሽ ራሱ ዋስ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ስለዚህ 20,000 ብር ብቻ ይሰጠዋል። ዋጋውን ከፍ አድርጎ ማስመዝገብም ትርፍ የለውም፤ መድን ጉዳትን የሚክስ እንጂ የሚያበለጽግ ውል ስላልሆነ፥ የሚከፈለው ሞተሩ በአደጋው ቀን ከሚያወጣው አይበልጥም። ትክክለኛውን የገበያ ዋጋ ጠይቆ ማስመዝገብ ነው፥ መፍትሔው ይኸው ነው።

ዋጋውን ዝቅ ማድረግ የማይገባ ከሆነ፥ ወጪውን በምን እንቀንስ? ትልቁ መንገድ በየጉዳቱ ባለሞተሩ ራሱ የሚሸፍነውን የመጀመሪያ ገንዘብ ከፍ ማድረግ ነው። የተሰበረ መስታወትና የተጣመመ ፔዳል በራሱ አሠራለሁ የሚል ሰው ዓረቦኑ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። በዓመቱ ካሣ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚሰጥ ቅናሽም አለ፤ ለትንሽ ጉዳት ካሣ ጠይቆ ይህን ቅናሽ የሚያጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ካገኘው ይልቅ ያጣው ይበልጣል። ሒሳቡን በወረቀት ላይ መሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግል የመድን ድርጅቶች ስለ ተፈቀዱ ደግሞ፥ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቆ ማወዳደር ይቻላል። ያየኋቸው ባልደረቦቼ ግን የአምናውን ወረቀት ይዘው ወደዚያው ወደ አምናው መስኮት ይሄዳሉ።

ዓረቦን ለመቀነስ ሲባል የሚነገር ውሸት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ከሥራ በኋላ ሰው ወይም ዕቃ በገንዘብ የሚያመላልስ ሰው «ለግል መገልገያ ብቻ» ብሎ ይሞላል። አንዳንዱ ወኪልም ደንበኛ እንዳያመልጠው ብሎ «ግድ የለም፥ እንዲህ ብለህ ጻፍ» ይለዋል። ስለ መድን የሚናገረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል ግን፥ አውቆ የሸሸገ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ፈራሽ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ይህን ክፍል አልሻረውም። በደመወዙ ላይ ጥቂት ለመጨመር ማታ ማታ የሚሠራ መምህር አያሳፍርም፤ ሥራውን በቅጹ ላይ ገልጾ ልዩነቱን ይክፈል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም አብሮ ይጠይቅ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር የገዛ ሰው ደግሞ ባትሪው በዋስትናው ውስጥ መቈጠሩን ሳያረጋግጥ አይፈርም፤ የዋጋው ብዙ እጅ እርሱ ነውና።

አንድ የማሳስበው ነገር አለኝ። የመምህራንና የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበራት ለሞተር መግዣ ብድር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን መድኑን እያንዳንዱ አባል ለየብቻው እየዞረ ይፈልጋል። ማኅበሩ የሠላሳ ወይም የዐርባ አባላቱን ሞተር በአንድነት ይዞ ቢቀርብ፥ የመድን ድርጅት ለአንድ ሰው የማያደርገውን ቅናሽ ለብዙ ሰው ሊያደርግ ይችላል፤ ውሉንም ከመፈረሙ በፊት የሚያነብ ሰው ከአባላቱ መካከል አይጠፋም። የመድን ድርጅቶችም ከእንግሊዝኛው ውል ጋር በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ማብራሪያ እንዲያያይዙ እለምናለሁ፤ በእርሱም ላይ ምን እንደሚከፈል፥ ምን እንደማይከፈል፥ አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ውስጥ ማስታወቅ እንደሚገባ ብቻ ቢጻፍ ይበቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ በመድን ሥራ ያሉ አንባብያን በዚሁ ዓምድ መልስ ቢሰጡ ደስታውን አልችለውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሐዋሳ