ልጆችን በዘጌ ደን ውስጥ ስለ ማስተማር

ልጅን ማስተማር በቤትና በትምህርት ቤት ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ፊደል የቈጠረ ልጅ መጽሐፍ ያነባል፤ ዳሩ ግን የአገሩን ዛፍና ወፍ ለይቶ ካላወቀ ትምህርቱ ጐደሎ ነው። ይህን ጐደሎ ከሚሞሉት ስፍራዎች አንዱ በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የዘጌ ደን ነው። የአገሩ ተወላጅ የሆነ መሪ ከፊት እየሄደ፣ ልጆች እየተከተሉት የሚያዩትንና የሚሰሙትን ዛሬ ለወላጆች ልናስታውስ ወደድን።

ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳር ወደ ውሃው የገባ ምድር ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ቡናንና ጌሾን ለሕዝቡ ሰጡ፤ በሬ ጠምዶ ማረስንም ከለከሉ። ስለዚህ በዙሪያው ያለው አገር እርሻ ሲሆን ዘጌ ደን ሆኖ ኖረ። ቡናው በብርብራ፣ በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የዛፎቹም ቅጠል ወድቆ ሲበሰብስ መሬቱን ያዳብራል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና ዙሪያውን በዓለም ጥብቅ የባዮስፌር ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ጻፈው።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለውታል፤ ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26፣ መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ነው። ልጅ ይህን በቃሉ ያጠናዋል፤ በዘጌ መንገድ ላይ ግን በዓይኑ ያየዋል። በክረምት የጣና ዓሣ ከሐይቁ ወደ ወንዞች እየወጣ ይራባል፤ ክረምቱ ሲወጣም ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን ያለብሰዋል። በመፀው ቡናው ይቀላል፤ ለቃሚውም ይሰማራል። በበጋ የዋንዛ ፍሬ ቢጫ ሆኖ ይበስላል፤ ጣፋጭነቱንና የሚያጣብቅ መሆኑን ልጆች ራሳቸው ይመሰክራሉ። በፀደይ መጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ቡናው ነጭ አበባ ያብባል፤ መዓዛውም ደኑን ይሞላዋል፤ ነገር ግን በጥቂት ቀን ይረግፋልና የዘገየ አያገኘውም።

በዚህ ደን ውስጥ ከጦጣው ሌላ፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለበት ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። የዚህ ወፍ ሴቲቱ በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ባሏም በጠባቡ ቀዳዳ ፍሬ እያቀበለ እርስዋንና ጫጩቶቿን ይመግባል። የወፏ ቤት አሮጌው ዛፍ ነውና፣ ዛፉ ቢቈረጥ አብሮ ቤተ ሰቧ ይጠፋል። ደግሞም እነዚህ ወፎች የሾላንና የዋርካን ፍሬ በልተው ዘሩን በየስፍራው ስለሚጥሉት፣ ደኑን የሚተክለው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ልጅ ይማራል።

መሪው ስለ መድኃኒት ዕፅም ይናገራል። ሁለት ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ የዘጌ ሰዎች ለ52 ደዌ የሚጠቀሙባቸውን 67 ዕፅዋት ጽፈዋል። ይሁን እንጂ መስማት ሌላ፣ መቅመስ ሌላ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። ስለዚህ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ያልታወቀ ፍሬ እንዳይቀምሱ ከልክሉ፤ የታመመ ልጅም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር ያስተዋልነው ነገር አለ። በመሬት ክርክር ሽማግሌ ምስክር ድንበሩን ሲናገር «ከብሳናው እስከ ዋርካው» ይላል፤ ወጣቱ ግን «ከዚያኛው ዛፍ እስከዚህኛው ዛፍ» ብሎ ይቸገራል። ስሙ የተረሳ ዛፍ ጠበቃ የለውም፤ ለምሳርም ይቀላል። የዘጌ እንጨት ለማገዶ እየተቈረጠ ወደ ባሕር ዳር ገበያ መሄዱ የቆየ ነገር ነው። ይህን የሚያደርገውን ድኻ መውቀስ አይገባም፤ የቡናው ገቢ ሲያንሰው ልጆቹን ምን ያብላ? የቆመው ዛፍ ከተቈረጠው ይልቅ እንጀራ ሲሰጠው ግን ምሳሩን ያስቀምጣል። ለመሪው የሚከፈለው ዋጋና ከደጁ የሚገዛው ቡና ዛፉን የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው።

ይህ አሳብ በእኛ ብቻ ያለ አይደለም። በአውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ኑንጋር የተባሉት ጥንታውያን ባለ አገሮች ዓመቱን በአበባውና በአራዊቱ አካሄድ ለስድስት ይከፍሉታል። በዚያ አገር ከነባሮቹ ሕዝቦች ወገን የሆኑ መሪዎች እንግዳውን በዱር እያዞሩ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ያስተምራሉ፤ በዚህም ይተዳደሩበታል። እኛስ የራሳችንን ሽማግሌ ለመስማት ለምን እንሰንፋለን?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ ዘጌ የሚመጣው እንግዳ እጅግ አንሷል፤ የመሪዎቹም ኑሮ ተጐድቷል። ስለዚህ ወላጅ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ጠይቆ ይረዳ። ጊዜው ሲመች በማለዳ ይውጣ፤ ወፍ በማለዳ ይሰማልና። ልጆቹ አይጩኹ፤ ቅርንጫፍ አይስበሩ፤ ለጦጣ ምግብ አይወርውሩ። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ ልጅ የ10 ዛፎችን ስም በደብተሩ ጽፎ ይመለስ። መንገዱ እስኪመች ድረስ ደግሞ በየደጃችን ያለውን ዛፍ ስም ከአያቶች እንዲጠይቅ እናድርገው፤ አያቶች ካለፉ በኋላ የሚነግረው አይገኝምና።