ከድንኳኑ በፊት

መቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ስንማር የአካባቢውን ታሪክ የነገረን የዶርማችን ልጅ ነበር፤ ተወልዶ ያደገው መቀሌ ነው። ማታ ኮረብታው ላይ ቆመን የከተማውን መብራት ቁልቁል እያየን፣ በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያን እዚሁ መሽጎ እንደነበር ያወራልናል። የራስ መኮንን ጦር ደጋግሞ ቢያጠቃም ምሽጉ አልደፈር አለ። ኋላ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስያዙና የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ በውኃ ጥም ተሸንፎ ለቀቀ። «መድፍ ያልቻለውን ጥም ቻለው» ይለን ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ።

ይህን ልጅ ነው ባለፈው ወር የቀበርነው።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የባቻችን ልጆች ከአዲስ አበባም ከአዲግራትም መጣን፤ ያልቻለ ብር ላከ። «ምን ሆኖ ነው?» ለሚል ለቀስተኛ «ድንገት አሞት» እያልን መለስን። ድንገት አልነበረም። መጠጥ ነው የገደለው።

መምህር ነበር። በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው፤ በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት መጣ፤ ባንክ ተዘጋ፣ ደመወዝ ቀረ፣ ስልክ ጠፋ። አረቄ የጀመረው እንቅልፍ ፍለጋ ነው። ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ስልክ ሲከፈት ድምፁን ሰማን፤ አንደበቱ ይተሳሰር ነበር። አላስተዋልንም ብል እዋሻለሁ። እርስ በርስ «ተበላሸ» ተባባልን እንጂ ተነሥቶ የሄደ የለም።

እኔ የባሰ አደረግሁ። ደውዬ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» አልኩት። ተወ። በተከራያት ክፍል በር ዘግቶ፣ ለማንም ሳይናገር። በሦስተኛው ቀን እያንዘፈዘፈ ጣለው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ።

ከቀብር በኋላ አንድ ሐኪም ወዳጄ ያስረዳኝን ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሳሳት እጽፈዋለሁ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው አንጎል ከመጠጡ ጋር መኖርን ለምዷል። በአንድ ጊዜ ሲቀርበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የሌለ ነገር ይታያል፣ እንደሚጥል በሽታም ይጥላል። ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን ታግዞ ነው። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩት።

እናቱ ዘንድ በሠልስቱ ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «ወደይ በይኑ ነይሩ» አሉኝ። ልጄ ብቻውን ነበር። ሌላ አልተናገሩም፤ እኔም ስለ ስልኩ መናገር አቃተኝ።

ለአርባው መዋጮ ተጀምሯል። ከባቻችን ግን አሁንም የሚጠጣ አንድ ልጅ አለ። ዛሬ እሱ ዘንድ አድራለሁ፤ ጠዋት ዓይደር ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ተው አልለውም።