እሁድ የማይመጣው ባቡር

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በኮልስቪል መንገድ የባቡሩ ድልድይ ሥር ስታልፉ ግድግዳውን እዩት። ሳሊ ካልመር የተባለች ሠዓሊ የፔንግዊን መንጋ ወደ ሥራ እየሰደደች ነው። ይጋፋሉ፣ ይቸኩላሉ። መጀመሪያ ሳየው ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ሴትዮዋ የጣቢያውን ደንበኛ አጥንታዋለች አልኩ፤ ጥቁር ኮት በነጭ ሸሚዝ፣ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ማታ ወደ ቤት። ጣቢያው የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። አብዛኞቻችን ሐበሾች ደግሞ ፔንግዊን አይደለንም።

ቦታው ስሙን ያገኘው ከምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የጋዜጣ ሰው ከዋሽንግተን በፈረስ ወጣ ብሎ ሲንሸራሸር፣ አሸዋው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ምንጭ አገኘ። ብሩ ብር አልነበረም፤ ሚካ የሚባል ድንጋይ ነው። ስሙ ግን ቀረ። በ1873 የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣውን ሐዲድ ከፈተ፤ በ1878 እዚህ ጣቢያ ተሠራ። ዛሬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የምናየው ትንሽ የጡብ ቤት ግን በዚያ መሠረት ላይ በ1945 የቆመ ነው። አሁን ባቡር አይቆምበትም። የአካባቢ ቅርስ ጠባቂዎች አድሰውት ለድግስ ያከራዩታል።

የጡብ ቤቱ ሲሠራ በዙሪያው ብዙ የቤት ሽያጭ ውሎች ላይ አንድ አንቀጽ ነበር፦ ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም። ጥቁር ሰው እዚያ ማደር የሚችለው የቤት አገልጋይ ከሆነ ብቻ ነበር። ዛሬ እንጀራ ከነዳጅ ማደያ ሱቅ የምንገዛበት ሰፈር ማለት ነው። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ሌላ አገር የማወራ ይመስላቸዋል።

ሜትሮው የመጣው የካቲት መጀመሪያ 1978 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ምድር የተከፈተ የመጀመሪያው የሜትሮ ጣቢያ ሲሆን፣ መስመሩ በ1990 ወደ ዊተን እስኪቀጥል ድረስ የቀዩ መስመር ጫፍ ነበር። ከመሳፈሪያው ላይ ቆማችሁ ግራ ቀኝ ብትመለከቱ አቀማመጡ ይገባችኋል፤ የሜትሮው ሐዲድ መሐል ላይ ነው፣ የድሮው ኩባንያ ሐዲድ ደግሞ ከሁለት ወገን አቅፎታል። ጫፍ መሆኑ ለእኛ ጠቅሞናል እላለሁ። በደርግ ዘመን ተሰደው ዋሽንግተን ውስጥ አዳምስ ሞርጋን የሰፈሩት ሰዎች ኪራይ ሲከብዳቸው ወዴት ይሂዱ? ባቡሩ እስከሚደርስበት።

ስለዚህ ሐዲድ ስጽፍ የካቲት 16 ቀን 1996ን መዝለል አልችልም። ዓርብ ነው፣ በረዶ እየጣለ ነው፣ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ። ማርክ ከሚባለው የሜሪላንድ የተሳፋሪ ባቡር አንዱ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ ቺካጎ ከሚሄደው የአምትራክ ባቡር ጋር ተጋጨ። 11 ሰው ሞተ፤ 3ቱ የባቡሩ ሠራተኞች፣ 8ቱ ከሃርፐርስ ፌሪ የሙያ ማሰልጠኛ የተሳፈሩ ወጣቶች። መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ ነጂው «ለመቆም ተዘጋጅ» የሚለውን ምልክት ካለፈ በኋላ ኬንሲንግተን ጣቢያ ቆሞ ሰው አሳፈረ፤ ሲነሳ ምልክቱን ረስቶታል። ግጭቱ ነዳጅ አፈሰሰ፣ ነዳጁ ተቀጣጠለ፣ ከፊተኛው ፉርጎ መውጣትም ከበደ። ከዚያ በኋላ በመላው አሜሪካ ሁለት ነገር ጠበቀ። በሁለት ምልክት መሐል ጣቢያ ላይ የቆመ ባቡር ሲነሳ ቀጣዩ ምልክት ቀይ ነው ብሎ እንዲነዳ ታዘዘ፤ የአደጋ ጊዜ በርና መስኮትም ተሳፋሪው ራሱ በቀላሉ የሚከፍተው ሆነ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ጽሑፍ ሳላነብ ተቀምጬ አላውቅም።

ከሜትሮው አጠገብ ያለው ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ የሌላ ታሪክ ባለቤት ነው። በ2011 ያልቃል የተባለው ሕንፃ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ፣ ውፍረቱም አንዳንድ ቦታ ከሚገባው አንሶ ተገኝቶ ዓመታት ቆመ። ስሙ የተሰጠው ለሴናተር ፖል ሳርቤንዝ ነው፤ ወላጆቻቸው ከግሪክ የተሰደዱ፣ ትንሽ ምግብ ቤት የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ የሐበሻ ልጅ ይህን ቢያውቅ አይጠላም። በመጨረሻ የተከፈተው መስከረም 20 ቀን 2015 ነው፤ በእኛ መስከረም 9 ቀን 2008። ቀኑ አልመጣላችሁም? አዲስ አበባ ውስጥ የቀላል ባቡሩ የመጀመሪያ መስመር ሥራ የጀመረበት ቀን ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ባቡር በአገር ቤት፣ አራት ዓመት የዘገየ መናኸሪያ በደጃችን፣ በአንድ እሁድ። ያን ቀን ስልኬ በአዲስ አበባ ባቡር ፎቶ ሲጨናነቅ፣ ከመስኮቴ ወዲያ ስላለው ማንም ምንም አላለኝም።

ወደ ርዕሴ ልመለስ። አክስቴ ጀርመንታውን ነው የምትኖረው፣ ከማርክ ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ። ኪራይ ከሲልቨር ስፕሪንግ የገፋው ሐበሻ ብዙው የሄደው ወደዚያው ነው፤ ጌተርስበርግ፣ ጀርመንታውን፣ ሐዲዱን ተከትሎ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቅመሙ፣ ዘመዱ ግን እዚህ ቀርቷል። ብራንስዊክ የሚባለው ይህ የማርክ መስመር ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ይሠራል፤ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ወደ መጣበት። ቅዳሜና እሁድ የለም። አክስቴ እሁድ ለቅዳሴ ስትወጣ ልጇን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ በመኪና ነው።

«አክስቴ፣ ባቡሩ እኮ ደጅሽ ነው» አልኳት አንድ ቀን ለነገር።

«እሁድ ሐዲዱ የዕቃ ነው የኔ ልጅ» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሌሊቱን ሲያንኳኳ ነው የሚያድር። ሰው ግን አይጭንም።»

ትክክል ናት። ሐዲዱ ሲ ኤስ ኤክስ የሚባል የጭነት ኩባንያ ንብረት ነው፤ ሜሪላንድ ተጨማሪ የሰው ባቡር ማስገባት ስትፈልግ ከእሱ ጋር መስማማት አለባት። ይህ ምክንያት እንጂ ሰበብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በባልቲሞር በኩል የሚያልፈው የማርክ የፔን መስመር ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ይሠራል። እዚያ ሐዲዱ የአምትራክ ነው፤ ጥያቄውም ጠንክሮ የጠየቀ ሰው ነበረው። የእኛ መስመር ጠያቂ አጣ እንጂ ተሳፋሪ አላጣም። ሆቴል አልጋ የሚያነጥፈው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ሆስፒታል የሚያድረው ሰው ሥራው ቅዳሜም እሁድም ነው። ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ሥራ ለሚገባ ሜትሮውም አልተነሳም። ባቡሩ አሁንም የሚያውቀው የፔንግዊኑን ሰዓት ነው።

ተስፋዬን የጣልኩት ፐርፕል ላይን በሚባለው አዲስ ቀላል ባቡር ላይ ነው። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል ያህል፣ 21 ጣቢያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል። ቁፋሮው በ2017 ተጀምሮ፣ በ2022 ይከፈታል ተብሎ፣ ዘግይቷል፤ እንደ ለመድነው። ዋናው ነገር ዋሽንግተን አለመግባቱ ነው። ከዳር ወደ ዳር የሚሄድ የመጀመሪያው ባቡራችን ይሆናል፤ ከዳር ወደ ዳር ለሥራ የሚሮጠው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጀርመንታውን ግን እሱም አይደርስም።

የሜሪላንድ ትራንዚት የማርክን የጉዞ ሰዓት ሲቀይር የሕዝብ አስተያየት ይጠይቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅ ጻፉ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ልጆቻችሁን አስጽፉ። «እሁድ ጠዋት፣ ከጀርመንታውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ባቡር» በሉ። የአክስቴን እኔ እጽፋለሁ።